ባዶውን ኪሎ ሜትር ማን ይከፍላል?

«ሄሎ፣ የት ኖት?»

«ሃያ ሁለት፣ ጎላጉል ፊት ለፊት።»

«ወዴት ኖት?»

«አያት።»

ዝም። ከዛ «ይቅርታ እህቴ፣ ትንሽ ራቅ ብያለሁ፣ ሌላ ቢያዙ ይሻላል።» ስልኩ ተዘጋ፤ አፑ እንደገና ሌላ መኪና መፈለግ ጀመረ።

አዲስ አበባ ውስጥ በአፕ መኪና ጠርቶ የሚያውቅ ሰው ይቺን ንግግር በቃሉ ያውቃታል። ስልኩ እንደተዘጋም ሹፌሩን ያልረገመ ያለ አይመስለንም። «ካልፈለገ ለምን ተቀበለ?» ብለናል። እኛም ብለናል።

ሰሞኑን ግን ነገሩን ከሌላኛው ወንበር እንየው ብለን አንድ ሹፌር ጎን ከጠዋት እስከ ማታ ተቀምጠን ዋልን። ስሙንም፣ የሚሠራበትን አፕም አንጠራም፤ እንጀራው ነው። ሠላሳ ዓመት አልሞላውም። መኪናዋ የሱ አይደለችም፣ ለባለቤቷ በየቀኑ ገቢ ያስገባል። ቤንዚን ከሱ ኪስ ነው፣ ኮሚሽን ከሱ ኪስ ነው፣ ጎማ ቢተነፍስም ከሱ ኪስ ነው። ከዛ የተረፈው የሱ ነው፣ ከተረፈ።

የመጀመሪያዋ ሥራ ጥሩ ነበረች። ከሳሪስ ወደ ሜክሲኮ፤ ተሳፋሪዋም ከቆምንበት ብዙ አልራቀችም። ሜክሲኮ እንዳወረድናት ሌላ ሥራ ገባ። ሰውየው ያለው ግን ልደታ አካባቢ ነው። በዛ ትራፊክ ሄድን። ፒኑ የተተከለው አንድ ቦታ፣ ሰውየው የቆመው ሌላ ቦታ። «ከቤተክርስቲያኑ ዝቅ ብለህ፣ ከሱቁ ታጥፈህ፣ ሰማያዊ በር ጋ።» ሰማያዊ በር ሦስት አገኘን። በመጨረሻ ይዘነው ጀሞ ደረስን። ረፋድ ላይ ጀሞ ማንም የሚጠራ የለም። ቆመን ጠበቅን፣ ጠበቅን። ከዛ ሹፌራችን ተስፋ ቆርጦ ባዶውን ወደ ሳር ቤት መመለስ ጀመረ።

በመልሱ መንገድ ላይ ኑሮን አነሳን። «እኛን የገደለን ኮሚሽኑ ነው» አለን። «ከእያንዳንዷ ሥራ ላይ ይቆርጣል። ዋሌትህ ውስጥ ብር ከሌለ ደግሞ ሥራም አይሰጥህም።» ይሄን ሲል የመኪናዋ ኪሎ ሜትር ቆጣሪ እየሮጠ ነው፣ የኋላው ወንበር ደግሞ ባዶ።

ማታ ላይ አንድ ነገር ጠየቅነው። ጠዋት ስንነሳ የቆጣሪውን ቁጥር ጽፈን ይዘን ነበር፤ አፑ ላይ የተመዘገቡትን ጉዞዎች ደግሞ አንድ ላይ ደመርናቸው። ተሳፋሪ ይዞ የነዳው ኪሎ ሜትር ቀኑን ሙሉ ከነዳው ግማሹን እንኳ አልሞላም። ሹፌራችን ስልኩን ተቀብሎ ራሱ እንደገና ደመረው። ያው ነው። «ታዲያ እኔ የዋልኩት ለማን ነው?» አለ።

የአንድ ሰው የአንድ ቀን ውሎ ስለ ከተማው ሁሉ አይናገርም፣ እሱን እናውቃለን። ጥያቄው ግን አልለቀቀንም። ስለ እነዚህ አፖች ስናወራ ሁሌም የምናወራው ስለ ኮሚሽን ነው። ከኮሚሽኑ የሚበልጠው ገንዘብ የሚፈሰው ግን ማንም በማይቆጥረው ባዶ መንገድ ላይ ቢሆንስ?

የተራ አስከባሪው ሥራ

መጀመሪያ እነዚህ አፖች የሚሸጡት ምን እንደሆነ እንስማማ። መኪና አይደለም፤ መኪናው የሹፌሩ ወይም የባለቤቱ ነው። መንዳትም አይደለም። የሚሸጡት ስምሪት ነው፤ የትኛው መኪና ወደ የትኛው ሰው ይሂድ የሚለውን ውሳኔ።

ስምሪት ደግሞ አዲስ ነገር አይደለም። ተራ አስከባሪ ስምሪት ሰጪ ነው። ማን ቀድሞ እንደመጣ ያውቃል፣ ማን ጭኖ መውጣት እንዳለበት ይወስናል፣ ለዛም ይከፈለዋል። ላዳዎቹም ድሮ ሆቴል በር ላይና አደባባይ ዳር ተራ ይዘው ይቆሙ ነበር። ተሳፋሪው እስከ ተራው ድረስ በእግሩ ይመጣል፣ በዋጋ ይከራከራል፣ ይሳፈራል። ላዳው እስኪጠራ ድረስ ቆሞ ነው የሚጠብቀው። የቆመ መኪና ደግሞ ቤንዚን አይበላም።

ከዛ አፕ መጣ። በሳምራዊት ፍቅሩ የተመሠረተው ሃይብሪድ ዲዛይንስ ራይድን መጀመሪያ በአጭር የጽሑፍ መልእክት፣ በኋላም በአፕና በ8294 የጥሪ ማዕከል ከተማው ውስጥ አስገባው። ዛይራይድ፣ ፈረስ፣ በኋላም ከውጭ የመጣው ያንጎና ሌሎችም ተከተሉ። ዛሬ «ራይድ ጥራ» ስንል የትኛውንም አፕ ማለታችን ሊሆን ይችላል፤ ስሙ የሥራው ስም ሆኗል።

ለተሳፋሪው ለውጡ ትልቅ ነው። በምሽት መንገድ ዳር ቆሞ መለመን ቀረ። ዋጋው ላይ ያለው ጭቅጭቅ ቀነሰ። ማን እንደጫነሽ፣ በየት በኩል እንደሄደ ተመዝግቦ ይቀራል። ለሴቶች ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ከጀርባ ግን አንድ ነገር ቦታ ቀየረ። ድሮ ተሳፋሪው ወደ ታክሲው ይሄድ ነበር፤ አሁን ታክሲው ወደ ተሳፋሪው ይሄዳል። የተሳፋሪው የእግር መንገድ የሹፌሩ የቤንዚን መንገድ ሆነ። ያቺን መንገድ ነው እኛ ባዶ ኪሎ ሜትር የምንላት።

እስኪ እናስላው

ቁጥሮቹ ለስሌት እንዲመቹ እኛ የወሰድናቸው ናቸው፤ የማንም ኩባንያ ታሪፍ አይደሉም። መኪናዋ በአንድ ሊትር 10 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች እንበል። ሊትሩ 120 ብር ይሁን። ስለዚህ እያንዳንዱ ኪሎ ሜትር፣ ሰው ተጫነም አልተጫነም፣ 12 ብር ቤንዚን ይበላል። ጉዞው 8 ኪሎ ሜትር፣ ክፍያው 300 ብር፣ ኮሚሽኑ 12 ከመቶ፣ ማለትም 36 ብር ይሁን።

አንደኛ ሹፌር። ተሳፋሪው ያለው 1 ኪሎ ሜትር ላይ ነው። ሄዶ አነሳው፣ 8 ኪሎ ሜትር ነዳ፣ አወረደው፣ እዛው አካባቢ ቀጣይ ሥራ አገኘ። በጠቅላላው 9 ኪሎ ሜትር፣ 108 ብር ቤንዚን። ከ300 ላይ 36 እና 108 ሲቀነስ 156 ብር ይቀረዋል።

ሁለተኛ ሹፌር። ያው ጉዞ፣ ያው ክፍያ። ግን ተሳፋሪው ያለው 4 ኪሎ ሜትር ርቆ ነው። ካወረደው በኋላም ሥራ ስለሌለ 4 ኪሎ ሜትር ባዶውን ይመለሳል። በጠቅላላው 16 ኪሎ ሜትር፣ 192 ብር ቤንዚን። ከ300 ላይ 36 እና 192 ሲቀነስ የሚቀረው 72 ብር ነው።

አሁን ለሁለተኛው ሹፌር ኮሚሽኑን ሙሉ በሙሉ እንሰርዝለት። ዜሮ። ኩባንያው በነፃ ያሠራው። ስንት ይቀረዋል? 108 ብር። ኮሚሽን ከሚከፍለው ከአንደኛው ሹፌር አሁንም 48 ብር ያንሳል።

እዚህ ጋ ቆም ብላችሁ አስቡት። ኮሚሽኑ ዜሮ ቢሆን እንኳ መጥፎ ስምሪት ያገኘው ሹፌር፣ ኮሚሽን እየከፈለ ጥሩ ስምሪት ካገኘው ያነሰ ነው የሚያገኘው። ደግሞ ጊዜውን አልቆጠርንም። ሁለተኛው ሹፌር በትራፊክ ውስጥ እነዛን 8 ባዶ ኪሎ ሜትሮች ሲገፋ፣ አንደኛው ሌላ ሰው ጭኖ ሊሆን ይችላል። ዘይት፣ ጎማ፣ ፍሬን ሸራ፣ እነሱም በኪሎ ሜትር ነው የሚያልቁት።

ይሄ ስሌት ከጥቂት ዓመታት በፊት ይሄን ያህል አያምም ነበር። በ2014 ዓ.ም ክረምት ላይ ቤንዚን በሊትር 48 ብር ገደማ ነበር። በ2017 ዓ.ም 100 ብርን አልፏል። ባዶው ኪሎ ሜትር በሦስት ዓመት ውስጥ ዋጋው ከእጥፍ በላይ ሆነ ማለት ነው። «ወዴት ኖት?» የምትለዋ ጥያቄ ከሹፌር አመል ብቻ አይደለም የምትመጣው። ከነዳጅ ማደያው ነው የምትመጣው። ሹፌሩ ስልክ የሚደውልልን አፑ ያልሠራለትን ሒሳብ በጭንቅላቱ ሊሠራ ነው።

ቅርብ የሚባለው የቱ ነው?

«አፑ እኮ ቅርብ ያለውን መኪና ነው የሚልከው» ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ግን «ቅርብ» ማለት ምን ማለት ነው?

የቀለበት መንገድን አስቡት። ሹፌሩ በዚህ በኩል፣ ተሳፋሪዋ በዛ በኩል፣ ቢጠራሩ ይሰማማሉ። በካርታ ላይ በአየር ከለካችሁት ሁለት መቶ ሜትር አይሞላም። መኪናው ግን አጥር ዘሎ አይሻገርም። መዞሪያ ፍለጋ ወደፊት መሄድ አለበት፣ ዞሮ መመለስ አለበት። በአየር የሚለካ ስምሪት ይሄን ሹፌር «ቅርብ ነህ» ብሎ ይልከዋል። በመንገድ የሚለካ ስምሪት ግን ትንሽ ራቅ ያለውን፣ በትክክለኛው በኩል ያለውን ይመርጣል። በደቂቃ የሚለካ ደግሞ ከሁሉም ይሻላል፤ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ያለው መገናኛና አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ያለው መገናኛ አንድ ከተማ አይደሉም።

ሁለተኛው ነገር፣ ጥሪ በመጣ ቁጥር ወዲያው ቅርቡን መላክ ሁሌ አይበጅም። ምሳሌ እንውሰድ። ከመገናኛ በሃያ ሁለት በኩል ወደ ኡራኤል በሚወስደው መንገድ ላይ ሁለት ነፃ መኪናዎች አሉ፤ አንዱ መገናኛ፣ አንዱ ከሃያ ሁለት ትንሽ አለፍ ብሎ። ርቀቱን እናቅልለው፦ ከመገናኛ ሃያ ሁለት 2 ኪሎ ሜትር፣ ከሃያ ሁለት እስከ ሁለተኛው መኪና 1፣ ከሁለተኛው መኪና እስከ ኡራኤል 1።

ሃያ ሁለት ላይ ያለች ልጅ ጠራች። አፑ ቅርብ ያለውን፣ ሁለተኛውን መኪና ወደ ኋላ ላከላት። ከአምስት ሰከንድ በኋላ ኡራኤል ያለ ሰውዬ ጠራ። አሁን የቀረው የመገናኛው መኪና ብቻ ነው፣ 4 ኪሎ ሜትር ይመጣል። ጠቅላላ ባዶ መንገድ 5 ኪሎ ሜትር። አፑ እነዛን አምስት ሰከንዶች ታግሶ ሁለቱን ጥሪ አንድ ላይ ቢያያቸው ኖሮ፣ የመገናኛውን ለልጅቷ፣ ሁለተኛውን ለሰውየው ይልክ ነበር። 2 ሲደመር 1፣ 3 ኪሎ ሜትር። ልጅቷ ትንሽ ትጠብቃለች፣ ሰውየው ግን በጣም ቶሎ ይነሳል፣ ሁለቱ ሹፌሮች በድምሩ 2 ኪሎ ሜትር ይተርፍላቸዋል። በዓለም ላይ ያሉት ትልልቆቹ ኩባንያዎች ጥሪዎችን እንዲህ ለጥቂት ሰከንድ ሰብስበው ነው የሚያዛምዱት።

ሦስተኛው ዝናብ ነው። ክረምት፣ አሥራ አንድ ሰዓት፣ ቦሌ። ሁሉም ሰው ስልኩን አወጣ። ቅርብ ያሉት መኪናዎች ተያዙ። አፑ «መኪና የለም» ከማለት ይልቅ ፍለጋውን ያሰፋል፣ 3 ኪሎ ሜትር፣ 5 ኪሎ ሜትር። ከሳሪስ ቦሌ የተጠራው ሹፌር በዛ ዝናብ ግማሽ ሰዓት ባዶውን ይመጣል። በዛ ግማሽ ሰዓት ውስጥ ሳሪስ ላይ ሁለት ሰው ሊጭን ይችል ነበር። አሁን ሳሪስም መኪና አጣ። ስለዚህ ሳሪስ የሚጠራ ሰው መኪናው ከቃሊቲ ይላክለታል። ሁሉም መኪና ሥራ ላይ ነው፣ ግን ሁሉም ባዶ ነው፣ ወደ አንድ ሰው እየሄደ። አሜሪካ ውስጥ ኢኮኖሚስቶች በኡበር ላይ በ2017 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥናት ይሄንኑ ነገር በዝርዝር አሳይቷል፤ መኪና ሲያንስ ሩቅ መላክ መኪናውን የባሰ ያሳንሰዋል። መፍትሔው በዛች ሰዓት ዋጋ መጨመር ወይም የፍለጋውን ርቀት መገደብ ነው። ሁለቱም ተሳፋሪን ያስቆጣሉ። ግን ሹፌር ተቀብሎ ከሚሰርዝብን አንዱ ቢሆን ይሻላል።

ጥሩ ስምሪት ይሠራል

ይሄን ሁሉ ስንል «ታዲያ አፑ ይቅር፣ ወደ ተራ እንመለስ» እያልን አይደለም። ስምሪቱ በደንብ ሲሠራ ልዩነቱ ትልቅ እንደሆነ የሚያሳይ ቁጥር አለ። ጀድ ክሬመርና አለን ክሩገር የተባሉ የአሜሪካ ኢኮኖሚስቶች በ2016 እ.ኤ.አ. ኡበርን ከተለመደው ታክሲ ጋር አነጻጽረው ነበር። ብዙ ሐበሻ በሹፌርነት በሚሠራባት ሲያትል፣ ታክሲዎች ከሚነዱት መንገድ ተሳፋሪ ይዘው የሚነዱት 39 ከመቶ ገደማ ነበር። ኡበሮቹ 55 ከመቶ። ሎስ አንጀለስ ላይ ታክሲው 41፣ ኡበሩ 64 ከመቶ።

ልብ በሉ፣ በጥሩ ቴክኖሎጂ እንኳ ከሦስት ኪሎ ሜትር አንዱ ባዶ ነው። ዜሮ የሚባል ባዶ መንገድ የለም። ግን በ41 እና በ64 መሃል ያለው ልዩነት የአንድ ቤተሰብ የቤት ኪራይ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ከስምሪት ቴክኖሎጂ የሚገኘው ትርፍ የሚለካው አፑ ስንት ሰው ስልክ ላይ እንደተጫነ አይደለም። አርማው ስንት መኪና ላይ እንደተለጠፈም አይደለም። ባዶውን ኪሎ ሜትር ስንት ቀነሰ? መለኪያው እሱ ነው።

እዚህ ጋ ነው ችግሩ

ኩባንያው ገንዘብ የሚያገኘው መቼ ነው? ሰው ሲጫን። ሹፌሩ 1 ኪሎ ሜትር ሄዶ ጫነ፣ 4 ኪሎ ሜትር ሄዶ ጫነ፣ በእኛ ምሳሌ ኩባንያው የሚቆርጠው ያው 36 ብር ነው። የባዶው መንገድ ቤንዚን በኩባንያው መዝገብ ላይ የትም አይታይም። እንደውም ብዙ መኪና ከተማው ውስጥ ቢበተን ለኩባንያው ጥሩ ነው፤ ተሳፋሪው ቶሎ መኪና ያገኛል፣ ጉዞ ይበዛል፣ ኮሚሽን ይበዛል። ለእያንዳንዱ ሹፌር ግን መኪና በበዛ ቁጥር የሚቆምበትና ባዶ የሚዞርበት ጊዜ ይረዝማል።

በአጭሩ፣ ባዶውን ኪሎ ሜትር የሚከፍለው ሹፌሩ ነው፤ ሊቀንሰው የሚችለው ግን ኩባንያው ነው። ከፋዩና ወሳኙ ሲለያዩ ነገሩ በራሱ አይስተካከልም። ክፋት አያስፈልግም፤ ማንም ቁጥሩን ስለማያየው ብቻ እንዲሁ ይቀጥላል።

ይሄን ጥያቄ ቀድማ ያነሳች ከተማ አለች፣ ኒውዮርክ። በ2018 እ.ኤ.አ. የከተማዋ የታክሲ ኮሚሽን ለአፕ ሹፌሮች ዝቅተኛ ክፍያ ወሰነ፤ በቀጣዩ ዓመት ሥራ ላይ ዋለ። የሚገርመው ስሌቱ ነው። ቀመሩ ውስጥ መኪናው ተሳፋሪ የያዘበት ጊዜ ድርሻ ገብቷል፤ ሲጀመር 58 ከመቶ ተብሎ ተያዘ። የኪሎ ሜትሩና የደቂቃው ክፍያ ለዛ ቁጥር ይካፈላል። ትርጉሙ ቀላል ነው፦ መኪናዎች ባዶ የሚዞሩበት ጊዜ ከበዛ ለእያንዳንዱ ጉዞ የሚከፈለው ይጨምራል። ባዶው መንገድ ለመጀመሪያ ጊዜ የኩባንያው ሒሳብ ላይ ታየ።

ከዛስ? ኩባንያዎቹ ወዲያው ባዶውን መቀነስ ጀመሩ። ግን እንዴት? ሥራ በቀዘቀዘበት ሰዓትና ቦታ ሹፌሮች አፑን እንዳይከፍቱ ከለከሏቸው። ሹፌሮቹ ተቆጡ፤ «ቤንዚኑን አዳንክልን፣ ሥራውንም ቀማኸን» ዓይነት ነገር ነው። ስለዚህ ኒውዮርክን እንደ ገነት አናቀርብላችሁም። ያሳየችን አንድ ነገር ግን አለ፤ ባዶው መንገድ ኩባንያውን ሲያስከፍለው ኩባንያው ቁጥሩን ያያል፣ ሲያይ ደግሞ ይነካዋል።

እዚህስ ምን ይደረግ?

ኒውዮርክን እንቅዳ አንልም። ግን ሕግ ሳይወጣም ነገ ሊጀመሩ የሚችሉ ነገሮች አሉ።

ለኩባንያዎቹ። ሹፌሩ ሥራውን ከመቀበሉ በፊት ተሳፋሪው በመንገድ ስንት ኪሎ ሜትርና ስንት ደቂቃ እንደሚርቅ፣ ወዴት አቅጣጫ እንደሚሄድም አሳዩት። «ወዴት ኖት?» የምትለዋ ስልክ ግማሽዋ ያኔ ትቀራለች። ከተወሰነ ርቀት በላይ ሲላክ ትንሽም ቢሆን የመምጫ ክፍያ ይኑር፤ ኡበር ራሱ ለረጅም መምጫ የሚከፍልባቸው ቦታዎች አሉ። በወሩ መጨረሻ ደግሞ ለሹፌሩ አንድ ቁጥር ላኩለት፦ ከነዳኸው ውስጥ ተሳፋሪ የያዝክበት ይሄን ያህል ነው። መረጃው እናንተ ጋ አለ። ይሄ ለናንተም ትርፍ ነው። ሹፌር «ሰርዘውና በኮንትራት እንሂድ» የሚለው ኮሚሽኑን ለማስቀረት ብቻ አይደለም፤ የጠፋበትን ባዶ መንገድ ከአንድ ቦታ ማካካስ ስላለበት ነው። ያ ጉዞ ሲሰረዝ ኮሚሽናችሁም፣ መረጃችሁም፣ የተሳፋሪዋ ደህንነትም አብሮ ይሄዳል።

ለሹፌሮች። ለአንድ ሳምንት ብቻ ሞክሩት። ጠዋት ስትነሱ የቆጣሪውን ቁጥር በስልክ ፎቶ አንሱት፣ ማታ ስትገቡም አንሱት። አፑ ላይ የተመዘገቡትን ኪሎ ሜትሮች ደምሩ። የትኛው ሰፈር አውርዳችሁ ባዶ እንደምትመለሱ፣ በስንት ሰዓት እንደሆነ ጻፉ። ከሳምንት በኋላ በግምት ሳይሆን በቁጥር ታወራላችሁ። ስለ ኮሚሽን ስትከራከሩም ይጠቅማችኋል፤ «ቀንሱልን» ከማለት «ከምነዳው ግማሹን ባዶ ነው የምትልኩኝ» ማለት ለመመለስ ይከብዳል።

ለእኛ ለተሳፋሪዎች። ፒኑን ቤታችን ጓሮ ላይ ሳይሆን መኪና የሚደርስበት ቦታ ላይ እንትከል። ሁለት አፕ ላይ አንድ ላይ ጠርተን ቀድሞ የመጣውን መሳፈር፣ ሌላውን መሰረዝ የለመድን አለን። ያኛው ሹፌር እስኪሰረዝበት የነዳት መንገድ ባዶ ኪሎ ሜትር ነች፤ የከፈለውም እሱ ነው። ቀጥሎ ለሚደውልልን ደግሞ በጥርጣሬ «እርግጠኛ ኖት?» የሚለው ከዚህ ተምሮ ነው።

መጨረሻ ላይ ግን ይሄን የጻፍነው በተለይ ለአንድ ዓይነት አንባቢ ነው። በዚህ ሰዓት ከዘመድ፣ ከዕቁብ፣ ከባንክ ብር አሰባስቦ መኪና ገዝቶ «ራይድ ልሥራበት» ብሎ የሚያስብ ወጣት ብዙ ነው። በጥር 2016 ዓ.ም መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪናዎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ደግሞ «በኤሌክትሪክ ብገዛ ቤንዚን የለብኝ» የሚለው ሐሳብ በርትቷል። እውነት ነው፣ በኤሌክትሪክ ባዶው ኪሎ ሜትር ይረክሳል። ባዶው ሰዓት ግን አይረክስም። የባንክ ወለድ መኪናው ቢቆምም፣ ባዶ ቢዞርም ይቆጥራል። ባትሪም በየመሀሉ ቻርጅ ይፈልጋል፣ ያም ሰዓት ነው።

ስለዚህ ወንድሜ፣ እህቴ፣ ብሩን ከመክፈላችሁ በፊት የምታውቁት ሹፌር ጎን አንድ ሳምንት ተቀመጡ። «በቀን ስንት ትሠራለህ?» ብላችሁ ብቻ አትጠይቁት፤ እሱን ሁሉም ሰው አሳምሮ ነው የሚነግራችሁ። «በቀን ስንት ኪሎ ሜትር ባዶህን ትነዳለህ?» በሉት። መልሱን ካላወቀው፣ አብራችሁ ቁጠሩ።

እኛ የዋልንበት ሹፌር አሁን መቁጠር ጀምሯል። ከሁለት ቀን በኋላ ማታ ደወለልን። «ጀሞን ረፋድ ላይ ትቻታለሁ» አለ። «እዛ የሚወስድ ሥራ ሲገባ ምን ታደርጋለህ?» አልነው።

ሳቀ። «ደውዬ ወዴት ኖት እላለሁ።»